እንደምን አደራችሁ

ዶርም ውስጥ ስማችን የመጣንበት አገር ነበር። አንዱ ሞጣ፣ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ወሊሶ። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆንኩ ሸገር። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ዓመት አብረን አደርን። በ1999 ዓ.ም. ተመረቅን። እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ የተመዘገቡት በዚያው ስም ነው። ልጆቻቸው ሳይቀሩ "አባዬ፣ ሸገር ደወለ" ነው የሚሉት።

ከምረቃ በኋላ ዞሮ ዞሮ አራታችንም አዲስ አበባ ከተምን። ጓደኝነታችን አልቀዘቀዘም። ቅዳሜ ቡና እንጠጣለን። ክርስትና ሲኖር፣ ሠርግ ሲኖር፣ ለቅሶ ሲኖር አንቀርም። ግን ሁሉም በቀን ነው። አመሻሽ ላይ አንዱ ሰዓቱን ያያል። "ልጆቹ ሳይተኙ ልድረስ" ይላል። ሌላው ታክሲ ይጠፋል ብሎ ይነሳል። እንዲህ እየሆነ 12 ዓመት ሄደ። በ12 ዓመት ውስጥ አንድም ሌሊት አንድ ጣሪያ ሥር አላደርንም። ይሄን ያስተዋልኩት ግን በኋላ ነው።

የጉዞው ሐሳብ የሞጣ ነው። ፈረንጆች አልጋና ወጥ ቤት ያለው መኪና ተከራይተው በባሕር ዳርቻ ሲጓዙ የሚያሳይ ቪዲዮ አይቷል። ለሦስታችንም ላከልን። ከሥሩ "ባሕር ባይኖረንም አባይና ጣና አሉን፤ አገሬን ላዙራችሁ" ብሎ ጻፈ። እንዲያ ያለ መኪና ተከራይቶ ማግኘት እኛ ዘንድ ዘበት ነው። ስለዚህ ሃይሩፍ ተከራየን። ባለቤቱን ለምነን የኋላ ወንበሮቹን አስነሳን። በቦታው ስፖንጅ ፍራሽ አነጠፍን። ቡታጋዝ፣ ጀበና፣ ስድስት ሲኒ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ አምስት ብርድ ልብስ ጫንን። መኪናው ከነሾፌሩ ነው የሚከራየው። ሾፌሩ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ "ጋሼ" አልናቸው። "እኔ ጋቢና ውስጥ ነው የምተኛው፤ ሠላሳ ዓመት የተኛሁበት ነው" አሉ።

ጊዜው ጥር 2011 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የእነዚያን ከተሞች ስም ስጠራ ልቤ ይከብዳል። ያኔ ሌሊት ሐይቅ ዳር መኪና አቁሞ መተኛት ይቻል ነበር። ያን መንገድ እንደዚያ የምንሄድበት ቀን እንዲመለስ እመኛለሁ። ይሄን የምጽፈውም ስለናፈቀኝ ነው።

ጥር 18፣ ቅዳሜ ማለዳ ወጣን። ሱሉልታን፣ ፍቼን አልፈን ረፋድ ላይ ጎሃ ጽዮን ደረስን። እዚያ ጋሼ መኪናውን አቆሙ። ወርደው አራቱንም ጎማ በእጃቸው ዳሰሱ። ጎንበስ ብለው ሥሩን አዩ። ከዚያ አማትበው ገቡ።

የአባይን በረሃ ተማሪ ሆኜ ብዙ ጊዜ ተሻግሬዋለሁ። ያን ጊዜ ግን አውቶቡስ ውስጥ ተጣብቄ፣ ግማሹን ተኝቼ ነው። አሁን ከጋሼ ጎን ተቀምጬ አየሁት። ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተነስተህ ወደ 1,100 ገደማ ትወርዳለህ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ጥምዝምዝ ነው። ጋሼ ፍሬን አይረግጡም ማለት ይቻላል። ሁለተኛ ማርሽ አስገብተው መኪናውን በሞተሩ ነው የያዙት። ከፊታችን የሚወርድ የጭነት መኪና የፍሬን ሸራው ሸቷል፤ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ በመስኮት ገባ። "ፍሬን የሚደገፍ ሾፌር ታች ሲደርስ ፍሬን አይኖረውም" አሉ ጋሼ። በየኩርባው ዝንጀሮዎች ቁጭ ብለው ያዩናል። በወረድን ቁጥር አየሩ ይሞቃል። ጃኬታችንን አወለቅን፤ ቀጥሎ ሹራባችንን።

ታች ሁለት ድልድዮች አሉ። እኛ ተማሪ ሳለን የምንሻገረው በአሮጌው ነበር። አውቶቡሱ ቀስ ይላል፣ ሁሉም ሰው ዝም ይላል። አዲሱ የሕዳሴ ድልድይ የተከፈተው እኛ ከተመረቅን በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራ፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በገመድ የተወጠረ ድልድይ ነው። ከላዩ ሆኜ ወደ አሮጌው ሳይ አንድ ነገር ሆዴን ነካው። ወጣትነታችን በዚያኛው ነው ያለፈው።

ወሊሶ ውሃውን እያየ "ይሄ ሁሉ ውሃ የት ነው የሚያድረው?" አለ። ጋሼ ዞር ብለው ፍራሻችንን አዩና፣ "አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል" አሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ተረት ነው። የዚያን ቀን ግን እንደ አዲስ ሰማሁት። ግንዱን እንጂ ማደሪያ የሚለውን ቃል ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ደጀን ስንወጣ ሞጣ ልክ እንደ አስተማሪ ሆነ። ደግሞም አስተማሪ ነው። አባይ ከጣና ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል፣ ከዚያ ወደ ሱዳን ያቀናል። በሰሜን ጣና፣ በሦስቱ አቅጣጫ አባይ። ጎጃም መሀል ነው። "አገሬ ደሴት ናት ማለት ነው" አለ። እጆቹን እንደ ቅርጫት አድርጎ አሳየን። የባሕር ዳርቻ ጉዞ ያለው ለካ ለዚህ ነው። ገና ድልድዩን ስንሻገር ጀምረነዋል።

ደብረ ማርቆስ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ለማቆሚያ ከፍለን አደርን። ከተማዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው ያለችው። ቀን በረሃ ስንቃጠል ውለን ማታ ጥርሳችን ተንቀጫቀጨ። ማርቆስ ጥንት ምንቆረር ነበር ስሟ። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃም ንጉሥ ከሆኑ በኋላ መናገሻቸው ይቺው ከተማ ነበረች። አሁን የምትጠራበትን ስም የሰጣት የማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሌሊት የቅዳሴውን ደወል ከመኪናው ውስጥ ሰማነው።

አራት ጎልማሳ ለአንድ ፍራሽ ይበዛል። ደሴ በር ጋ፣ ቀጥሎ እኔ፣ ከዚያ ወሊሶ፣ ሞጣ ከጥግ። አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይነቃል። ወሊሶ ድሮም ያንኮራፋል፣ አሁን ደግሞ ብሶበታል። ሞጣ በእንቅልፉ ያወራል፤ ይሄን ረስቼው ነበር። ጨለማ ውስጥ ሆኜ ስሰማው አልጋው ከላይ፣ የእኔ ከታች የነበረበት ክፍል ታወሰኝ። በመስኮቱ የሚገባው የነጠላ አምፖል ብርሃን ሳይቀር።

ጠዋት ወሊሶ ዓይኑን ሳይገልጥ "እንደምን አደራችሁ" አለ።

ለአፍታ ማንም አልመለሰም። እኔ ራሴ ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ተያዘ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ስንት ሺህ ጊዜ ሰላም ተባብለናል? "እንዴት ነህ"፣ "አለህ ወይ"፣ "ጠፋህ እኮ"፣ "እንዴት ዋልክ"። እንደምን አደርክ ግን ለካ ካልተባባልን 12 ዓመት ሆኖናል። እንደምን አደርክ ጠዋት ለሚያገኙት ሁሉ ይባላል፤ ለቢሮ ጥበቃውም እላለሁ። አብሮህ ላደረ ሰው ስትለው ግን ሌላ ነው። ሌሊቱን አይቶታል። መልሱን ያውቀዋል።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለ ሞጣ በመጨረሻ። ደሴ ከመኪናው ውጭ ነበር። ቡና አፍልቶ ጨርሷል። ቀድሞን ስለተነሳ አመሰገንነው እንጂ ሌላ ነገር አላሰብንም።

በሁለተኛው ቀን ብዙ አልቆምንም። ደምበጫ ምሳ በላን። ፍኖተ ሰላምን አልፈን ቡሬ አካባቢ በየደጁ በርበሬ ተሰጥቶ መሬቱ ቀይ ሆኗል። ወሊሶ ለሚስቱ አምስት ኪሎ ገዛ፤ እስከ መጨረሻው ሲያስነጥሰን ከረመ። ወደ አዊ ስንጠጋ አገሩ ተለወጠ። ቀዘቀዘ፣ አረንጓዴ ሆነ። ገበሬው ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ እንደ እህል ዘርቶ፣ ከሰል አክስሎ ይሸጣል። ጆንያዎቹ ተደርድረው መኪና ይጠብቃሉ። አንድ ሜዳ ላይ ፈረሰኞች ሲጋልቡ አየን። ጥር 23 እንጅባራ ላይ ለሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል እየተለማመዱ ነው። ማኅበሩ በ1930ዎቹ የተመሠረተ ነው፤ ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ያስባል። ፈረሶቹ ግንባር ላይ ቀይና ቢጫ ጥለት አለ። ጋሼ ሳንጠይቃቸው መኪናውን አቆሙልን። ሃያ ደቂቃ ያህል ማንም ሳይናገር ቆመን አየን።

የዚያን ማታ ዘንገና ሐይቅ ዳር አደርን። ዘንገና ከእንጅባራ አጠገብ፣ ከመንገዱ ብዙ ሳይርቅ የተደበቀ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው። ክብ ነው፣ ዙሪያውን ዛፍ ከቦታል። ቢያዩት ትንሽ ነው። ጥልቀቱ ግን ከ160 ሜትር በላይ ነው። ጣና ያን ያህል ሰፍቶ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ እንደሆነ ሞጣ ሲነግረን አላመንነውም ነበር።

እሳት ስናነድ ጋቢ የለበሱ አንድ አባት ዱላቸውን ይዘው መጡ። መኪናውን ዞረው አዩት። ፍራሹን አዩት። "ምነው ልጆቼ፣ ቤት ጠፍቶ ነው መኪና ውስጥ የምታድሩት? የኔ ቤት ያውና፣ ቤት የእግዜር ነው፣ ኑ ግቡ" አሉን። አመስግነን እንቢ አልን። ለመዝናናት ነው ብለን ለማስረዳት ሞከርን። ፊታቸው ላይ ቅር መሰኘት አየሁ። መንገደኛ መሽቶበት "የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ" ሲል እሺ የሚባልበት አገር ነው። እኛ ደግሞ ሳንለምን የተሰጠንን መለስን። እሳቸው ግን ጥለውን አልሄዱም። "እንግዲያው ጅብ እንዳያስቸግራችሁ" ብለው እስከ እኩለ ሌሊት ከእሳቱ ጋ ተቀመጡ። ሁለት ሲኒ ቡና ጠጡ። ሲሄዱ መርቀውን ሄዱ። እንቢ ማለታችን እስካሁን ይቆጨኛል።

ሌሊት የመኪናው በር ሲንሸራተት ነቃሁ። ስልኬን አየሁ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። አጠገቤ ያለው ቦታ ባዶ ነው። በመስኮት ሳይ ግማሽ ጨረቃ ወጥታለች። ደሴ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ውሃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ወረድኩ።

"ምን ሆንክ?"

"ምንም። እንቅልፍ አምልጦኝ ነው። ግባ፣ ይበርድሃል።"

ገባሁ። ተኛሁም። ዶርም ውስጥ ደሴ ማለት የሚተኛ ሰው ነበር። የፈተና ቀን ውሃ ረጭተን ነው የምናስነሳው። አንዴ ክፍሉ ውስጥ አምፖል ፈንድቶ አልነቃም። ይሄን ሁሉ እያወቅሁ፣ ያ ሰው በ9 ሰዓት ብርድ ላይ ተቀምጦ እያየሁት፣ ግባ ሲለኝ ገባሁ።

ጠዋት ባትሪው ደክሞ መኪናው አልነሳ አለ። ማታ ስልክ ስንሞላበት ነው ያደርነው። አራታችን፣ ሦስት እረኞችና እንጨት የተሸከመ አንድ ጎረምሳ ገፍተን አስነሳነው። እረኞቹ ከእኛ በላይ ተደሰቱ።

ዳንግላን፣ መርዓዊን አልፈን ባሕር ዳር ገባን። ባሕር ዳር ማለት እንግዲህ የባሕር ዳርቻ ማለት ነው፤ ጣናን አገሬው ባሕር ነው የሚለው። እውነትም ከዳር ቆመህ ስታየው ማዶ የለውም። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ውሃ ነው፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። ዘንባባዎቹ እንዳሉ ናቸው። ፔዳ ግቢ በር ላይ ቆመን ፎቶ ተነሳን። ጥበቃው ልጅ ነው፤ "የቀድሞ ተማሪዎች ናችሁ?" ሲለን ስንት ዓመት እንዳለፈ ገባኝ።

ሐይቁ ዳር አንድ ሎጅ ግቢያቸው ውስጥ እንድናቆም ፈቀዱልን። የመኪናው በር ሲከፈት ውሃው ሃያ እርምጃ ነው። ቆረሶ የሚሉትን ዓሣ ገዝተን ጠበስን። ጠዋት ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎች በፊታችን ያልፋሉ። ደንገል ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው፤ ዓሣ አጥማጁ በየጊዜው አዲስ ይሠራል። አንዱን ሲሠራ አየሁት። የደንገሉን ነዶ በጉልበቱ ተጭኖ፣ ገመዱን በጥርሱ ይዞ በሁለት እጁ ይስባል። በሳበ ቁጥር ደንገሉ እንደ አዲስ ጫማ ይንቋቋል። ዳሩን በመዳፉ መታ መታ ያደርግና ቀዳዳ ይፈልጋል። ቀና ሳይል "እንደምን አደራችሁ" አለን።

ጥር 21 የአስተርዮ ማርያም ዕለት በጀልባ ዘጌ ሄድን። ዘጌ ከላይ ዛፍ፣ ከሥር ቡና ነው። ቡናው ተለቅሞ በየደጁ ተሰጥቷል። መሬቱ እንዳይታረስ የገዘቱት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው ይባላል፤ ጫካው እስከ ዛሬ የቆመው በዚያ ነው ይላሉ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብተን መቅደሱን የከበበውን ሥዕል አየን። ስለ ሥዕሉ ብዙ ሰው ጽፏል፤ እኔ የማስታውሰው የደሴን ጀርባ ነው። አንድ ሥዕል ፊት ብዙ ቆየ። የታመመ ሰው በአልጋ ተሸክመው ሲያመጡ የሚያሳይ ነው።

የዚያን ሌሊት ሆን ብዬ አልተኛሁም። በሩ ሲንሸራተት 9 ሰዓት ነው። ተከትዬው ወረድኩ። በዚህ ጊዜ ግባ ሲለኝ አልገባሁም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከሩቅ ጉማሬ ይሁን ምን፣ አንድ ከባድ ነገር ውሃ ውስጥ ሲተነፍስ ይሰማል። ብዙ ቆየን።

"ዘጠኝ ሰዓት የኔ ተራ ነበር" አለ።

የአባቱን ነው የሚለው። አባቱ ስትሮክ መትቷቸው ለሕክምና አዲስ አበባ መጡ። እሱ ቤት ነበሩ። እንደታመሙ እናውቃለን፤ ሄደን ጠይቀናል። ብርቱካን ይዘን። ያላወቅነው ሌሊቱን ነው። መንቀሳቀስ የማይችል ሕመምተኛ በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ጀርባው ይቆስላል። ማታ 3 እና 5 ሰዓት ሚስቱ፣ 7 ሰዓት እህቱ፣ 9 እና 11 ሰዓት እሱ። አንድ እጁን ከትከሻቸው ሥር፣ አንድ እጁን ከዳሌያቸው ሥር ያደርጋል። ወደ ግድግዳው ከሆኑ ወደ በሩ ያዞራቸዋል። በጉልበቶቻቸው መሀል ትራስ ያስገባል። ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነሐሴ ላይ አረፉ።

"አምስት ወር ሆነው። እኔ አውቃለሁ። እጄ ግን አላወቀም" አለ። "ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እጄ ይነሳል። ተነስቼ ክፍሉ ጋ እደርሳለሁ። ልጆቹ ናቸው አሁን የሚተኙበት።"

ነሐሴ ላይ ለቅሶ ስንደርስ አስታወስኩ። ድንኳኑ ላይ ዝናብ ይወርድ ነበር። ሦስቱንም ቀን ውለናል። ወንበር አሰባስበናል፣ ንፍሮ አዙረናል፣ ካርታ ለሚጫወቱት አምፖል ቀጥለናል። ሲመሽ "አይዞህ" ብለን አቅፈነው ወደየቤታችን ሄድን። እናቴ በነበረችበት ጊዜ ለቅሶ ቤት ማደር የግድ ነበር። ሰው ሜዳ ላይ ጎዝጉዞ ከሐዘንተኛው ጋ ይተኛ ነበር። ያ ለምን እንደነበረ ጣና ዳር ገባኝ። ቀን ሰው ይመጣል፣ ይውላል። ሐዘንተኛው ብቻውን የሚሆነው 9 ሰዓት ላይ ነው።

"ለምን አልነገርከንም?" አልኩት።

"መቼ?" አለኝ።

ሊወቅሰኝ አልነበረም። የምር ነው የጠየቀኝ። መልስ ፈለግሁ፤ አጣሁ። ቅዳሜ ቡና ላይ፣ አስተናጋጁ ሒሳብ ሲያመጣ፣ ይሄ ይነገራል? ነግቶ ጀልባዎቹ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ እዚያው ነበርን። ሞጣና ወሊሶ ነቅተው በሩ ላይ ቁጭ ብለው ያዩናል። ምን ያህሉን እንደሰሙ አላውቅም። ወሊሶ መጥቶ ብርድ ልብሱን ትከሻችን ላይ ጣለና ሄደ።

በማግስቱ ጢስ አባይ ሄድን። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥር ላይ ውሃው ለኃይል ማመንጫው ስለሚሄድ ፏፏቴው ሳስቷል። ተማሪ ሆነን ያየነው፣ ከ40 ሜትር በላይ እያጓራ የሚወርደው፣ የክረምቱ ነበር። በሱስንዮስ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ ላይ ተቀምጠን ዳቦ በላን። ደሴ ድልድዩን ተደግፎ አንድ ሰዓት ያህል ተኛ። ማንም አልቀሰቀሰውም።

ጥር 23፣ ሐሙስ፣ በአዴት በኩል ወደ ሞጣ አቀናን። ይሄኛው መንገድ በመጣንበት አይደለም የሚሄደው፤ በሞጣና በቢቸና አድርጎ ደጀን ላይ ይገናኛል። ጓደኛችን ከአዴት ጀምሮ ዝም አለ። አገሩ ሲደርስ ዝም ይላል፤ ይሄም ድሮ የማውቀው ነው።

እናቱ ጊዮርጊስ ተሳልመው ተመልሰው በር ላይ ይጠብቁናል። ገና መኪናው ሳይቆም እልል አሉ። አራታችንንም አገላብጠው ሳሙ። ደሴን እንደ ልጃቸው አንገቱን ይዘው ብዙ ጊዜ ሳሙት። የአባቱን ማረፍ ሰምተዋል። "እግዜር ያጽናህ የኔ ዓለም፤ እኔ አሮጊቷ መምጣት አቅቶኝ" ብለው እንባቸው መጣ።

ልጃቸው መኪና ውስጥ እንደምናድር ሲነግራቸው መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ተቆጡ።

"እኔ ቤቴን ዘግቼ ልተኛ፣ ልጆቼ ደጅ ይደሩ? አገሩ ምን ይለኛል? በል ፍራሹን አውርድ!"

አወረድነው። ምድር ቤቱ መሀል ላይ ተነጠፈ። ጋሼን "እርስዎ ታላቅ ነዎት" ብለው አልጋቸውን ለቀቁላቸው። ጋሼ ሦስት ጊዜ እንቢ አሉ፤ አልተቻሉም። ከዚያ አንዲት ልጅ ለብ ያለ ውሃ በጣሳ ይዛ መጣች። እግራችንን ልታጥብ ነው። ወሊሶ እግሩን ሊደብቅ ሞከረ። "ተው አትሳቀቅ፣ የመንገድ አቧራ ነው" አሉት እማማ። የልጅቷ እጅ ትንሽ ነው። ተረከዜን ይዛ በጣቶቼ መሀል ውሃውን ስታሳልፍ የስድስት ቀን መንገድ ከላዬ ሲወርድ ተሰማኝ። ዶሮው ቀረበ። ጠገብን ስንል "አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ" እያሉ አጎረሱን። ጠላው መጣ። ስንተኛ ማንም ሰዓት አላየም።

ነቃሁ። ደሴ የለም። ስንት ሰዓት እንደሆነ ማየት አላስፈለገኝም።

ከጓሮው ወጥ ቤት ብርሃን ይታያል። በሩ ጋ ደርሼ ቆምኩ። እማማ ምጣዱ ፊት ተቀምጠዋል። ለመንገዳችን እንጀራ እየጋገሩ ነው። ደሴ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከምጣዱ ሥር ይማግዳል። አክምባሎውን ሲያነሱ እንፋሎቱ ሁለቱንም ይሸፍናቸዋል። እንጀራውን በሰፌድ ያወጣሉ፣ ምጣዱን በማሰሻ ያሻሉ፣ ሊጡን ከዳር ወደ መሀል ያዞራሉ። እሱ ያወራል። ስለ ትራሱ እየነገራቸው ነው፤ በጉልበቶቹ መሀል ስለሚያስገባው። እሳቸው "እህ" ይላሉ፣ "እንዴታ" ይላሉ። አንዴ ብቻ አቋርጠውት "እሳቱን ቀንስ የኔ ዓለም፣ ዳሩ አረረ" አሉት። ጭራሮውን ሳብ አደረገ። ቀጠለ።

ሳይሰሙኝ ተመለስኩ።

ጠዋት ወሊሶ "እንደምን አደራችሁ" ሲል ሁለታችን መለስን። ዕቃችንን ጫንን። ጋሼ ጎማዎቹን ዳሰሱ፣ ሥሩን አዩ። ጉዟችን እስከ ደጀን፣ ከዚያም በረሃውን ወርዶ ወጥቶ አዲስ አበባ ነው፤ ሳይረፍድ መነሳት አለብን። ደሴን ልጠራው ወጥ ቤት ሄድኩ። ምጣዱ አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተጋድሟል። የእማማ ጋቢ ላዩ ላይ ነው። አንድ እጁ ከመደቡ ወርዶ ተንጠልጥሏል፣ ጣቶቹ ላይ ጥላሸት አለ። አፉን ከፍቶ፣ ልክ እንደ ዶርሙ ጊዜ።

"እማማ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው" አልኩ።

ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

"ዝም በል" አሉኝ በሹክሹክታ። "መንገዱ የትም አይሄድባችሁ።"